በዕቃና በጠባብ መደብ አትክልት ማልማት፦ ከሥሩ መጀመር

አትክልት ማልማት የጀመረ ሰው ዐይኑ የሚያርፈው ቅጠሉ ላይ ነው። ቅጠሉ ሲገረጣ ማዳበሪያ ይጨምራል፤ ሲጠወልግ ውሃ ያጠጣል፤ ሲበሳ መድኃኒት ያፈላልጋል። በአበባ ማሰሮ፣ በባልዲ፣ በሣጥን ወይም ከግቢ ጥግ ባለች ጠባብ መደብ የሚያድግ ተክል ግን የአብዛኛው ችግሩ መነሻ ከአፈሩ በታች ነው። በሰፊ ማሳ ላይ ያለ ተክል ውሃ ሲያጥረው ሥሩን ወደ ጥልቁ ይሰዳል፣ ምግብ ሲያጥረውም ወደ ጎን ዘርግቶ ይፈልጋል፤ በዕቃ ውስጥ የተተከለው ግን ሥሩ ከዕቃው ግድግዳ ሲደርስ መሄጃ ያጣል፤ የሚጠጣው የተሰጠውን ብቻ፣ የሚመገበውም የተጨመረለትን ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ ዕቃ፣ ስለ አፈር፣ ስለ ውሃም ሆነ ስለ ምግብ ሲያወሳ ነገሩ ለሥሩ ምን እንደሚያደርግለት ደጋግሞ ይጠይቃል።

ቦታውን ማወቅ

አፈር ይሻሻላል፣ ውሃም ይቀዳል፤ ጥላ የዋለበትን ቦታ ፀሐያማ ማድረግ ግን ከአትክልተኛው አቅም በላይ ስለሆነ ምርጫው ከብርሃን ይጀምራል። ከመትከል በፊት አንድ ጥርት ያለ ቀን መርጦ ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የት የት እንደምታርፍ መመልከትና መመዝገብ ያስፈልጋል። እንደ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ በደርጃንና ዝኩኒ ያሉ ፍሬያቸው የሚበላ አትክልቶች በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይሻሉ፤ እንደ ካሮትና ቀይ ሥር ያሉት ከዚያ በመጠኑ ባነሰ ያድጋሉ፤ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ግን ከ3 እስከ 4 ሰዓት ብቻ ፀሐይ በሚያገኝ ቦታም ለገበታ የሚሆን ቅጠል ይሰጣሉ። የ3 ሰዓት ፀሐይ ያለው ሰው ቲማቲም ቢተክል የሚያገኘው ረጅምና ቀጭን ግንድ ከጥቂት አበባ ጋር ነው፤ እዚያው ቦታ ቆስጣ ቢተክል ግን ለወራት ይቀጥፋል።

ፎቅ ላይ ወይም ሰገነት ላይ የሚተክል ሰው ደግሞ ክብደትን ሊያስብ ይገባል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናልና 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ እርጥብ አፈር ሲሞላ እንደ አፈሩ ዓይነት ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ያሉ ዕቃዎች በመሐል ከሚከማቹ ይልቅ ጭነቱን ወደሚሸከመው ግድግዳ ተጠግተው ቢቀመጡ ይሻላል። ከፍ ያለ ቦታ ነፋስም ይበዛዋል፤ ነፋስ አፈሩን ከፀሐይ ባልተናነሰ ፍጥነት ያደርቃል።

ዕቃው

ለመትከያ የማይሆን ዕቃ ጥቂት ነው። ባልዲ፣ የተቆረጠ ጀሪካን፣ የእንጨት ሣጥን፣ ጠንካራ ጆንያ፣ ሁሉም ያገለግላሉ፤ ፀረ ተባይ፣ ቀለም፣ የሞተር ዘይት ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት ዕቃ ግን ታጥቦም ቢሆን ለሚበላ ነገር አይውልም። ዋናው ጉዳይ ጥልቀቱና የሚይዘው መጠን ነው። ሰላጣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል፤ ቆስጣና ጎመን ከ20 እስከ 25 ቢያገኙ ይመርጣሉ፤ ካሮት ወደ 30 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ልቅ አፈር ካላገኘ ይጣመማል ወይም ይደነድናል። አንድ የቃሪያ ተክል ከ10 እስከ 15 ሊትር፣ አንድ የቲማቲም ተክል ደግሞ ቢያንስ 20 ሊትር አፈር ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ «አንድ» የሚለው ቃል ሊሰመርበት ይገባል። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ጊዜ ስድስት የቲማቲም ችግኞችን በአንድ ሣጥን ውስጥ ተክዬ፣ ችግኞቹ ትናንሽ ሳሉ ቦታው ባዶ መስሎኝ ሰባተኛ ለመጨመር እስከማሰብ ደርሼ ነበር፤ ከሁለት ወር በኋላ ግን ስድስቱ ተደምረው አንድ በወጉ የተተከለ ቲማቲም የሚሰጠውን ያህል አልሰጡኝም።

ከዕቃው በታች ውሃ የሚወጣባቸው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ከ4 እስከ 6 ቀዳዳዎች መኖር አለባቸው፤ ዕቃውም መሬት ላይ ተደፍኖ እንዳይቀመጥ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም እንጨት ይደረግለታል። ብዙ ሰው ውሃው በደንብ እንዲወርድ በማሰብ ከአፈሩ በታች ጠጠር ይደለድላል። ይህ ልማድ የታሰበውን አያደርግም። ውሃ በደቃቅ አፈር ውስጥ ከያዘው ቦታ ወደ ሸካራው ጠጠር የሚያልፈው ከላይ ያለው አፈር በውሃ እስኪጠግብ ድረስ ከቆየ በኋላ ስለሆነ፣ ጠጠሩ እርጥቡን ክፍል ወደ ላይ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያስወግደውም፤ በተጨማሪም የሥሩን ቦታ ይሻማል። ቀዳዳው አፈር እንዳያፈስ ቁራጭ የወንፊት ሽቦ ወይም ሳሳ ያለ ጨርቅ ማንጠፍ በቂ ነው።

የሸክላ ዕቃ በግድግዳው አየር ያስገባል፤ በዚያው ልክ ግን ውሃ ያተናል፤ ፕላስቲክ እርጥበቱን ይይዛል። ጥቁር ፕላስቲክ በጠራራ ፀሐይ ሲውል ከግድግዳው አጠገብ ያለውን ሥር ሊያቃጥል ስለሚችል ነጭ ቀለም መቀባት ወይም በጨርቅ መሸፈን ይጠቅማል።

አፈሩ

ከግቢ የተቆፈረ አፈር ብቻውን ዕቃ ውስጥ ሲገባ፣ ለምነቱ ምንም ያህል ቢሆን፣ ውሃ በተደጋጋሚ ሲፈስበት ይጠቀጠቃል። በሜዳ ላይ የምድር ትሎችና ያረጁ ሥሮች የሚከፍቱት መተንፈሻ በዕቃ ውስጥ የለም፤ ሥር ደግሞ ከውሃ ባልተናነሰ ኦክስጅን ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ እጅ ለም አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ (ኮምፖስት) እና አንድ እጅ አፈሩን የሚያላላ ነገር፣ ማለትም ሸካራ አሸዋ፣ የኮኮናት ቃጫ ወይም ፐርላይት (በሙቀት የተነፋ ቀላል ነጭ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) መቀላቀል ለጀማሪ አስተማማኝ ድብልቅ ነው። አሸዋው ሸካራ መሆኑ የግድ ነው፤ ደቃቅ አሸዋ ከሸክላማ አፈር ጋር ሲገናኝ ነገሩን ያባብሰዋል። ክብደት ለሚያሳስበው ሰው የኮኮናት ቃጫና ፐርላይት ይመረጣሉ።

ብስባሹ መብሰሉ የሚታወቀው በጠረኑ ነው፤ የበሰለ ብስባሽ ዝናብ የጣለበት አፈር ይሸታል፣ ጥሬው ደግሞ አሞኒያ ወይም ብስናት ይሸታል። ትኩስ ፍግ በቀጥታ መጨመር ሥርን ያቃጥላል፣ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንንም ወደሚበላው ክፍል ያደርሳል፤ በተለይ ጥሬያቸውን የሚበሉ አትክልቶች የሚተከሉበት አፈር ጥሬ ፍግ ከገባበት፣ ፍጉ ከተጨመረበት ዕለት እስከ ምርት መልቀሚያው ቢያንስ 4 ወር ማለፍ አለበት። ብስባሽ በቤት ለማዘጋጀት የወጥ ቤት ተረፈ ምርትንና እርጥብ ቅጠልን አንድ እጅ፣ ደረቅ ቅጠልን፣ ገለባንና የተቀደደ ካርቶንን ከሁለት እስከ ሦስት እጅ አድርጎ በንብርብር መከመር፣ እርጥበቱ ተጨምቆ የወጣ ስፖንጅ ያህል እንዲሆን መጠበቅና በየሳምንቱ ማገላበጥ ነው። ቁመቱም ወርዱም አንድ ሜትር የሚሆን ክምር ውስጡ 55 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያ በላይ ይሞቃል፤ በባልዲ የሚሠራ ትንሽ ክምር ግን ያን ያህል ስለማይሞቅ ወራት ይፈጃል፤ የአረም ዘርና የታመመ ተክልም ባይገባበት ይመረጣል።

መሬት ላይ መደብ ለሚያዘጋጅ ሰው ትልቁ ደንብ መደቡን አለመርገጥ ነው። ከሁለት በኩል የሚደረስበት መደብ ስፋቱ ከ1.2 ሜትር፣ ግድግዳ የተጠጋው ደግሞ ከ60 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ፣ እጅ እስከ መሐሉ ስለሚደርስ እግር ወደ ውስጥ አይገባም። እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ቆፍሮ ማላላት፣ ድንጋይና የአረም ሥር መልቀም፣ በላዩም 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብስባሽ አልብሶ ማዋሐድ ለመጀመሪያው ወቅት ይበቃል። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ከሆነ መደቡ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይደረጋል። ቀለሙ የሚላላጥ አሮጌ ግድግዳ ሥር ያለ አፈር እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል፣ እዚያ ከሌላ ቦታ የመጣ አፈር በሣጥን ሞልቶ መትከል እንጂ መሬቱን መጠቀም አይመከርም።

ዘርና ችግኝ

ዘር የሚዘራበት ጥልቀት በአብዛኛው የራሱን ውፍረት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ነው፤ ፎሶሊያ ጥልቅ ይገባል፣ የሰላጣ ዘር ግን ለመብቀል ብርሃን ስለሚረዳው በላዩ ላይ አፈር በስሱ ነስነስ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል። ሰላጣ አፈሩ ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲቃረብ መብቀል ያቆማል፤ በሞቃት ወቅት «ዘሩ የተበላሸ ነው» ተብሎ የሚጣለው አብዛኛው ዘር በእርግጥ የተኛ ነው፤ ጥላ ሥር ቢዘራ ይነሣል።

ካሮትና ሌሎች ሥራቸው የሚበላ አትክልቶች ሲዛወሩ ዋናው ሥር ስለሚጎዳ በቋሚ ቦታቸው ይዘራሉ። ካሮት እስኪበቅል ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ የላይኛው አፈር ደርቆ ቅርፊት ከሠራ ቡቃያው ሰብሮ መውጣት ስለማይችል፣ እስኪበቅል ድረስ እርጥብ ጆንያ ማልበስና ቡቃያው እንደታየ ማንሣት የተሻለ ዘዴ ነው። ቡቃያው ሲጠነክር በመካከላቸው ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር እስኪኖር ድረስ ማሳሳት ያስፈልጋል። ብዙ ጀማሪ ጤነኛ ቡቃያ መንቀል ያሳዝነዋል፤ ያልሳሳ ካሮት ግን ቅጠሉ ያምራል እንጂ ከአፈሩ የሚወጣው እንደ መጻፊያ እርሳስ የቀጠነ ነገር ነው። ሲሳሳ የሚተርፈውን ሥር ላለማናወጥ ከመንቀል ይልቅ በመቀስ መቁረጥ ይቻላል።

ቲማቲም፣ ቃሪያና በደርጃን በትናንሽ ኩባያዎች ተዘርተው ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ይዛወራሉ። ችግኞቹ ቀጥነው ከረዘሙ ብርሃን አንሷቸዋል፤ ግንዳቸው ከአፈሩ ዳር ጠቁሮ ከወደቁ ደግሞ እርጥበት በዝቶ ሻጋታ ገብቷልና ውሃ መቀነስና አየር እንዲዘዋወር ማድረግ ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ ያደገ ችግኝ በአንድ ጊዜ ወደ ፀሐይ ቢወጣ ቅጠሉ ነጣ ብሎ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ከ7 እስከ 10 ቀን ድረስ በየቀኑ የሚቆይበትን ሰዓት እየጨመሩ ማለማመድ ተገቢ ነው። የመትከያው ሰዓት ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ወይም ደመናማ ቀን ሲሆን ተክሉ ሥሩን ሳያደላድል ውሃ አያጣም። ቲማቲም ከግንዱ አዲስ ሥር ማብቀል ስለሚችል የታችኛዎቹ ቅጠሎች ተቀንጥሰው ከነበረበት ጠለቅ ብሎ ይተከላል፤ ቃሪያ ግን በነበረበት ልክ ቢተከል ይሻላል።

ለዘር የሚሆን ፍሬ ለማስቀረት የሚያስብ ሰው ዲቃላ ዘር (ኤፍ 1) መሆን አለመሆኑን ከማሸጊያው ላይ ያንብብ፤ ከዲቃላ የተወሰደ ዘር እናቱን አይመስልም።

ውሃ ማጠጣት

በዕቃ የሚለማ አትክልት ከጥማት ባልተናነሰ በውሃ ብዛት ይሞታል፤ የሁለቱ ምልክት ደግሞ አንድ ነው፤ መጠውለግ። አፈሩ በውሃ ሲሞላ አየር የነበረበት ክፍተት ይያዛል፣ ሥሩ ይታፈናል፣ ቀጥሎም ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ውሃ መምጠጥ ስለማይችል ቅጠሉ ውሃ መሐል ቆሞ ይጠወልጋል። የጠወለገ ተክል ያየ ሰው ወዲያው ወደ ውሃ ማጠጫው ከመሄዱ በፊት ጣቱን ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ድረስ አፈሩ ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል። ደረቅ ከሆነ ያጠጣል፤ እርጥብ ከሆነ ይተወዋል፤ ተክሉ እኩለ ቀን ላይ በሙቀት ብቻ አዘንብሎ ከሆነ ሲመሽ ራሱ ይቃናል። ትናንሽ ዕቃዎችን ከፍ አድርጎ ክብደታቸውን መገመትም ከጥቂት ቀን ልምድ በኋላ ከጣት የተሻለ መለኪያ ይሆናል።

ሲጠጣ ደግሞ ውሃው ከታች ባሉት ቀዳዳዎች እስኪወጣ ድረስ በዝግታ ይጠጣል። በየቀኑ ላይ ላዩን ጥቂት ጥቂት መርጨት የላይኛውን አፈር ብቻ ስለሚያርስ ሥሩም እዚያው ይቀራል፤ ላይ የቀረ ሥር በአንድ ሞቃት ከሰዓት በኋላ ይደርቃል። ፈጽሞ የደረቀ አፈር ከዕቃው ግድግዳ ስለሚላቀቅ ውሃው በዳሩ ሾልኮ ወዲያው በታች ይወጣል፤ የጠጣ ይመስላል እንጂ መሐሉ አልራሰም። እንዲህ ሲሆን ዕቃውን በሙሉ ውሃ ባለበት ሣፋ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቁሞ ከታች እንዲመጥጥ ማድረግ ነው።

የተሻለው ጊዜ ጠዋት ነው፤ ተክሉ ለቀኑ ሙቀት ይዘጋጃል፣ የረጠበ ቅጠልም ቶሎ ይደርቃል። ማታ የረጠበ ቅጠል ለሻጋታ በሽታ ስለሚመች ውሃው ከቅጠሉ ላይ ሳይሆን ከግንዱ ሥር መፍሰስ አለበት። በሙቀት ወቅት ትልቅ ቲማቲም የያዘ ዕቃ በየቀኑ፣ አንዳንዴም በቀን ሁለት ጊዜ ሊጠማ ይችላል። አፈሩን ከላይ በ5 ሴንቲ ሜትር ገለባ ወይም ደረቅ ሣር መጎዝጎዝ ትነትን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ ብቻ ጥቂት ራቅ ይላል።

የቲማቲም ፍሬ ከታች ጫፉ ጠቁሮ ሲሰረጉድ ብዙዎች በሽታ ነው ብለው መድኃኒት ይረጫሉ። ጉዳቱ የሚመጣው ካልሲየም ወደ ፍሬው ሳይደርስ ሲቀር ነው፤ ካልሲየም ደግሞ የሚጓዘው ከውሃ ጋር ስለሆነ፣ አፈሩ ውስጥ ካልሲየም ሞልቶ እያለ ውሃው አንድ ቀን ሞልቶ ሁለት ቀን ሲጠፋ ፍሬው ይራባል። መፍትሔው ውሃውን ማስተካከል ነው። የፍሬ መሰንጠቅም አብዛኛውን ጊዜ የሚከሰተው ከድርቅ በኋላ በድንገት ብዙ ውሃ ሲመጣ ነው።

ምግብ

በየጊዜው የሚፈሰው ውሃ ምግቡን አጥቦ ይዞት ስለሚወጣ፣ ጥሩ ብስባሽ የገባበት ዕቃም ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ተጨማሪ ይፈልጋል። በየሁለት ሳምንቱ በውሃ የቀጠነ ፈሳሽ ማዳበሪያ፣ ወይም በወር አንድ ጊዜ ሁለት እፍኝ ብስባሽ ከላይ ማልበስ ይበቃል። ቅጠላቸው ለሚበላ አትክልቶች ናይትሮጅን ይስማማቸዋል፤ ቲማቲምና ቃሪያ ናይትሮጅን ከበዛባቸው ግን ቅጠል በቅጠል ሆነው አበባ ይነፍጋሉ። የታችኛው አሮጌ ቅጠል በሙሉ ቢጫ ሲሆን ናይትሮጅን አንሷል ማለት ነው። አዲሱ የላይ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ ደግሞ ተክሉ ብረት አላገኘም፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሚሆነው ብረት ጠፍቶ ሳይሆን አፈሩ ውሃ ስለተኛበት ወይም የአሲዳማነት መለኪያው (ፒ ኤች) ለአብዛኛው አትክልት ከሚስማማው ከ6 እስከ 7 ካለው ክልል በላይ ስለወጣ ነው። በአፈሩ ላይ ነጭ ብናኝ ከታየ የማዳበሪያ ጨው ተከማችቷልና በንጹሕ ውሃ በደንብ አጥቦ ማውጣት ይገባል።

አበባና ተባይ

ቲማቲም በአንድ አበባ ውስጥ ወንዴውንም ሴቴውንም ስለያዘ ነፋስ ወይም ንብ ካነቃነቀው ያፈራል፤ በተከለለ ሰገነት ላይ ከሆነ ጠዋት አበባ የያዘውን ቅርንጫፍ በጣት መታ መታ ማድረግ ይበቃል። ዝኩኒና ዱባ ግን ወንዴና ሴቴ አበባቸው ለየብቻ ነው፤ ሴቴዋ ከአበባዋ በታች ትንሽ ፍሬ ትይዛለች። ንብ በማይደርስበት ቦታ የወንዴውን አበባ ቀጥፎ በማለዳ የሴቴዋን መሐል መንካት ያስፈልጋል።

ከተባዮች ሁሉ በብዛት የሚያጋጥመው ክሽክሽ ነው። በቅጠሉ ጀርባና በለጋው ጫፍ ተጣብቆ ጭማቂውን ይመጥጣል፤ ገና ሲጀምር በኃይለኛ የውሃ ፍሰት ማራገፍ፣ ካልበቃም በአንድ ሊትር ውሃ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ ሳሙና ቀላቅሎ፣ በመጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሮ፣ ፀሐይ በሌለበት ሰዓት የቅጠሉን ጀርባ መርጨት ነው። ሳሙናው የሚሠራው ነፍሳቱን ሲነካ ብቻ ስለሆነ ከላይ ከላይ መርጨት ጥቅም የለውም። የተተከለ ችግኝ ሌሊቱን ከግንዱ ተቆርጦ ካደረ ቆራጭ ትል ነው፤ ከካርቶን የተሠራ ቀለበት ግማሹን አፈር ውስጥ ቀብሮ ግንዱን ማጠር ይከላከለዋል። የፋብሪካ ፀረ ተባይ የግድ ከሆነ፣ በርጭቱና በመልቀሚያው መካከል ማለፍ ያለባቸው ቀናት በማሸጊያው ላይ ተጽፈዋልና እነርሱን ሳያከብሩ መብላት አይገባም።

ምርትና ቀጣዩ ተከላ

ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን መሐላቸው ሳይነካ የውጭ ቅጠላቸው ብቻ ቢቀጠፍ ደጋግመው ይሰጣሉ። ፎሶሊያና ዝኩኒ በለጋነታቸው በየሁለት ቀኑ ካልተለቀሙ ተክሉ ዘር ወደ ማብሰል ዞሮ አዲስ ማፍራቱን ያቀዘቅዛል።

ምርቱ ሲያልቅ ዕቃውን ገልብጦ አፈሩን በሙሉ ማውጣትና ሥሩን መመልከት ከሁሉ የሚያስተምር ሥራ ነው። ሥሩ እንደ ክር ጥቅል ዳር ዳሩን ዞሮ ከሆነ ዕቃው ጠቦታል፤ ከላይ ብቻ ተከማችቶ ከታች ባዶ አፈር ከቀረ ውሃው ጥልቅ አልደረሰም፤ ከታች ቡናማ ሆኖ ከሸተተ ቀዳዳው ተደፍኗል ወይም ውሃው በዝቷል። ነጭና በየአቅጣጫው የተዘረጋ ከሆነ አፈሩ ተነፍቶ፣ የሢሶውን ያህል አዲስ ብስባሽ ተጨምሮበት እንደገና ያገለግላል፤ ሆኖም ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ በደርጃንና ድንች የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ስለሆኑና በሽታም ስለሚጋሩ፣ በሚቀጥለው ጊዜ በዚያ አፈር ላይ ሰላጣ፣ ካሮት ወይም ፎሶሊያ መትከል ይመረጣል። ሥሩ ላይ በጣት ሲፍቁት የማይለቅ እብጠት ከታየ ኔማቶድ የተባለው ጥቃቅን ትል ገብቷልና ያ አፈር ለአትክልት አይመለስም። የፎሶሊያ ሥር ላይ የሚታዩት ትናንሽ ጓጎላዎች ግን ሌላ ናቸው፤ በቀላሉ ይላቀቃሉ፣ ሲከፈቱም ውስጣቸው ቀላ ያለ ነው፤ ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ የሚያዘጋጁ ባክቴሪያዎች ማደሪያ ስለሆኑ ሥሩ ሳይነቀል ግንዱ ብቻ ተቆርጦ ከነጓጎላው እዚያው አፈር ውስጥ ይተዋል።